ቀዩ ጊታር ይጠገን ወይስ ይቀየር?

ሃሴት ደምሴ ባንክ ውስጥ የራሷ ቢሮ ያላት፣ ደንበኞች "እህቴ፣ እባክሽን" እያሉ የሚለማመጧት፣ ከሥሯ ለሚሠሩት ደግሞ ኮስታራ የሆነች ሴት ናት። በዚያ እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን ጫማዋን አውልቃ፣ ጆሮዋን ወጥ ቤቱ በር ላይ ለጥፋ፣ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ቆማ ነበር። ሳሎን ሽማግሌዎች ገብተዋል። የመጡት ደግሞ እሷን ሊጠይቁ ነው።

"አንቺ ልጅ፣ ነውር አይደለም እንዴ?" አሉ እናቷ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ፣ የለስላሳ ጠርሙሶች የተደረደሩበትን ትሪ እንደያዙ። ከዚያ ትሪውን አስቀመጡና እሳቸውም ጆሯቸውን ከልጃቸው ጆሮ አጠገብ ለጠፉ።

ሽማግሌ የላከው ሮቢ ነው። ሮቢ የከተማው ዳር ሰፈር የሆነችው የቱላ ልጅ ነው፤ ዓርብና ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል ጊታር ይጫወታል፣ በተረፈው ቀን ልጆች ያስተምራል። ሃሴት ከባልደረቦቿ ጋር እራት በልታ ልትወጣ ስትል መድረክ ላይ አየችው፤ እሱም አያት፤ የያዘውን ዜማ ሳተ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲዋደዱ ኖረዋል። ሁለት ዓመት ሙሉም ተደብቀዋል።

የሚደበቁት ከአባቷ ነበር። አቶ ደምሴ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ የታወቀ የግንባታ ዕቃ መደብር አላቸው፤ በቤተ ክርስቲያናቸውም ከሚከበሩት አንዱ ናቸው። "የሆቴል ሙዚቃ" የሚለውን ቃል ከአፋቸው የሚያወጡት እንደ ዓሣ አጥንት ነው።

ሽማግሌዎቹን የሚመሩት ጨርቅ ነጋዴው ጋሽ ኑሪ ናቸው። የሮቢ ሟች አባት ጎረቤት ስለነበሩ ልጁን እንደ ልጃቸው ይወዱታል። የሽማግሌ ወጉ መቼም ይታወቃል፤ ሙሽራውን አሳምሮ ማቅረብ ነው። ጋሽ ኑሪ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨርቅ ሲዘረጉ የኖሩ፣ የቱን ገጽ ወደ ገዢው ማዞር እንደሚገባ የሚያውቁ ሰው ናቸው። "ጉዳያችን ሳይሰማ ውኃም አንቀምስም" ብለው ጀመሩና የሮቢን ጨዋነት አነሡ፣ እናቱን መጦሩን አነሡ፣ መጠጥ የሚባል በአፉ አለመዞሩን አነሡ።

"ልጁን አውቀዋለሁ" አሉ አቶ ደምሴ። "ጊታር ተሸክሞ ሆቴል ለሆቴል የሚዞር ልጅ ነው። አትቀየሙኝ፣ ልጄን ለዚያ ዓይነት ኑሮ አልሰጥም።"

ሃሴት እናቷን አየቻቸው። ጋሽ ኑሪ ግን አልደነገጡም።

"ጊታር አሉኝ? ጊታሩማ ተሰብሮ ቤት ተቀምጧል! አንገቱ ለሁለት ተከፍሏል። ካላመኑ ሰው ልከው ያሳዩ።"

ይሄ እውነት ነበር። ባለፈው ሳምንት ሮቢ የተሳፈረበት ባጃጅ ቱላ መንገድ ላይ ጉድጓድ ውስጥ ዘሎ ሲገባ ከአባቱ የወረሰው ቀይ ጊታር ተወርውሮ አስፋልት ላይ ወደቀ። ሃሴት ራሷ ናት በስልክ ለጋሽ ኑሪ የነገረቻቸው። እሳቸውም የፈለጉት "ለጊዜው ጊታር የሚባል ነገር የለም" ብለው ወሬውን ማለፍ ብቻ ነበር።

አቶ ደምሴ ጆሮ ውስጥ የገባው ግን ሌላ ነገር ነው። በእሳቸው ጊዜ ወጣት ሆኖ ወደ ጌታ የመጣ ተጫዋች መሣሪያውን በሕዝብ ፊት ይሰብር ነበር። እሳቸውም በወጣትነታቸው የሚወዱትን አኮርዲዮን በአንድ ትልቅ ጉባኤ ላይ በገዛ እጃቸው ሰብረዋል። ከዚያ በኋላ የሙዚቃ መሣሪያ ነክተው አያውቁም።

"ሰበረው?" አሉ። ድምፃቸው ተለውጦ ነበር። "ያን ጊታር? ያ ልጅ?" መሐረባቸውን ከኪሳቸው አወጡ። "ሃሌሉያ! እኔ በልጁ ላይ ስንት ክፉ ነገር ሳስብ... ጌታ ይቅር ይበለኝ።" ኮስታራው ደምሴ፣ ሲሚንቶ ሲሸጡ እንኳ ፈገግ የማይሉት ደምሴ፣ ሰው ፊት አለቀሱ።

ሃሴት በበሩ ክፍተት ስታይ ጋሽ ኑሪ አፋቸውን ከፈቱ። አብረዋቸው የመጡትን ሁለት ሽማግሌዎች አዩ። መልሰው ዘጉት።

"ልጄን ሰጥቻለሁ" አሉ አቶ ደምሴ። በመጀመሪያው ቀን! ማን ነው በመጀመሪያው ቀን የሚሰጥ? "አንድ ነገር ብቻ። በሚመጣው እሑድ ሰባራውን ጊታር ይዞ ቤተ ክርስቲያናችን ይቁምና ምስክርነት ይስጥ።"

ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ልጃቸውን አቅፈው እልልታቸውን በመዳፋቸው አፈኑት። ሃሴት እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ደስታው ቀደማት፤ እየሳቀች የእናቷ አንገት ውስጥ ተሸጎጠች።

*

"ሰጡን!" አለችው በማግሥቱ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር፣ ገና ከባጃጁ ሳትወርድ።

ሮቢ አላመነም። አስደገማት። ከዚያ ወገቧን ይዞ ብድግ አድርጎ አዞራት፤ ለውዝ የምትሸጠው ሴት "ኧረ ቀስ፣ ሐይቅ ውስጥ እንዳትከታት!" ብላ ሳቀች። ሃሴት የሆነውን ሁሉ ነገረችው፤ የአባቷን ድምፅ እያስመሰለች፣ የጋሽ ኑሪን አፍ መክፈትና መዝጋት እያሳየች። ሮቢ እስኪያነባ ሳቀ።

"እኔ ሰበርኩት? ባጃጁ ነው እኮ!"

"ባጃጁን ጌታ ይባርከው!"

"እና እሑድ ቆሜ ምን ልበል?"

"ምንም አትበል። ሰባራውን ይዘህ ዝም ብለህ ቁም፤ አባዬ ይናገራል። አሁን ይሄን ክፈተው።" ከባጃጁ ያወረደችውን ጥቁር ረጅም ሳጥን ገፋችለት። 

ሮቢ ሳጥኑን ከፈተ። ውስጡ የአባቱ ጊታር ተኝቷል። ያው ቀይ ቀለም፣ ያው ቀንድ የመሰለ ትከሻ፣ ያው ነጭ ጠርዝ። ጭረት ግን የለውም። አዲስ አበባ ያለችው የአክስቷ ልጅ ዞራ ዞራ ያገኘችው ኮፒ ነበር፤ የድሮዎቹን የጣሊያን ጊታሮች አስመስሎ የተሠራ።

አነሣው። ጆሮውን አስጠግቶ ቃኘው፤ በጣቶቹ ወጣ ወረደ። ሃሴት ፊቱን ብቻ ታያለች።

"ጥሩ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "የእውነት ጥሩ ነው። አንገቱ ቀጥ ያለ ነው። የኔው እንዲህ ሆኖ አያውቅም።"

"ታዲያ አለቀ!" አጨበጨበች። "ቅዳሜ የሆቴሉ ሰዎች ለቋሚ ሥራ የሚሰሙህ በዚህ ነው፤ ትቀጠራለህ። ሰባራውን ለአባዬ እንሰጠዋለን። እሑድ ይታያል፣ ከዚያ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ሠርጋችን እስኪያልፍ ነው።"

"ከሠርጉ በኋላስ?"

"ከዚያ በኋላ... እናያለን።"

"ቅዳሜ ቅዳሜ የት ነው የምሄደው ትያቸዋለሽ?"

ሃሴት ይሄን አላሰበችበትም። ሐይቁን አየች። ሮቢ ኮፒውን ሳጥኑ ውስጥ መልሶ አስተኛው፤ በጥንቃቄ፣ የሰው ዕቃ እንደሚመለስ።

"አባቴ ያን ጊታር ከአስመራ ሲያመጣው ገና ጢም አላበቀለም ነበር" አለ። "በሱ ነው ያሳደገን። አናጢው ይጣበቃል ብሎኛል፤ ግን ክሩ ሲወጠር መልሶ ሊለቅ ይችላል። የውስጥ ሽቦውም አርጅቷል። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም እስከ ዛሬ ጠዋት ልጠግነው ወይስ ልግዛ እያልኩ አእምሮዬን ሳዞር ነበር። መግዛቱ ይሻላል ወደማለቱ ደርሼም ነበር።"

"ታዲያ ምን ሆንክ?"

"አሁን ከጠገንኩት አባትሽ አንቺን ይነሡኛል። ካልጠገንኩት አንቺ ግድግዳ ላይ ትሰቅይኛለሽ።" ለመሳቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። "ሃሴት፣ አፍረሽብኛል እንዴ?"

"እኔ?" ጮኸች። ለውዝ ሻጯ ዞረች። "እኔ ነኝ ያፈርኩብህ? ሁለት ዓመት ሙሉ ስንቱን ትዳር ፈላጊ የመለስኩት አፍሬብህ ነው? ፈርቼ ነው እንጂ! እንዳላጣህ ፈርቼ! አባዬ እሺ ሲል እኔ ምን ላድርግ? በሩን ከፍቼ 'ተው አባዬ፣ አትስጠኝ' ልበል?"

ሮቢ እጇን ያዘ፣ መዳፏን ሳመው፣ ተነሣ። ሳጥኑን አጠገቧ ትቶ ወደ መንገዱ ወጣ። ሃሴት ልጥራው አልጥራው ስትል ከዓይኗ ጠፋ። 

*

ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። ሃሴት በየደቂቃው እያነሣች ታየዋለች፣ መልሳ ታስቀምጠዋለች፤ ባልደረቦቿ "ሙሽሪት፣ ናፈቀሽ እንዴ?" እያሉ ያሾፉባታል። ሐሙስ ዕለት፣ ፊት ለፊቷ የተቀመጠ ደንበኛ ስለ ብድር ሲያስረዳት፣ ስልኳ ብልጭ አለ።

ፎቶ ነበር። ቀዩ ጊታር አናጢ ቤት ጠረጴዛ ላይ በብረት መያዣ፣ በሞርሳ፣ ተጠፍሮ ተኝቷል። አንገቱ ላይ ቀጭን የሙጫ መስመር ይታያል። ከሥሩ ሮቢ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦

"አጣብቄዋለሁ። ሽቦውንም ቀይሬዋለሁ። ክር የማስርበት ዛሬ ነው፤ ከያዘ ቅዳሜ የምጫወተው በሱ ነው። ቤተ ክርስቲያናችሁ ቆሜ ግን አልዋሽም። ነገ ጠዋት አባትሽን ራሴ መጥቼ እነግራቸዋለሁ። አንቺን ወሬ ውስጥ አላስገባሽም፤ የጋሽ ኑሪም ስም አይነሣም፤ ጥፋቱ የኔ ነው እላለሁ። ይቅር በይኝ፣ የኔ ቆንጆ። እወድሻለሁ።"

ደጋግማ አነበበችው። "ጥፋቱ የኔ ነው እላለሁ" የሚለው ላይ ስትደርስ እየቆመች። ምንም ያላለው ሰው የሷን ዝምታ ተሸክሞ አባቷ ፊት ሊቆም ነው። ጆሮዋ ጋለ። ይሄን ልጅ ከዛሬ የበለጠ ወዳው አታውቅም።

"ይቅርታ" አለችው ደንበኛውን። "አንድ ያልጨረስኩት ጉዳይ አለ።" ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

አባቷን መደብራቸው ውስጥ፣ በተደረደረው ቆርቆሮ መሐል፣ በስልክ ሲያወሩ አገኘቻቸው። ፊታቸው በርቷል። "አዎ፣ አዎ፣ ሰባራውን ይዞ ነው የሚቆመው! ወጣቶቹ ሁሉ ይገኙ እንጂ!"

"አባዬ፣ ስልኩን ዝጋው።"

"እሑድን እያመቻቸሁ ነው፣ ትንሽ ቆይ..."

"ዝጋው አባዬ። ሮቢ ጊታሩን አልሰበረውም።"

ስልኩ ተዘጋ። ሃሴት ሁሉንም ተናገረች። ቆም ካለች እንደማትቀጥል ስላወቀች በአንድ ትንፋሽ ተናገረችው።

"ባጃጅ?" አሉ አቶ ደምሴ።

"ባጃጅ።"

"አልተወውም?"

"አልተወውም። እንዲያውም እየጠገነው ነው።"

አቶ ደምሴ የሚቀመጡበት ፈልገው ከእነ ሙሉ ልብሳቸው ሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጡ። "እኔ እኮ አለቀስኩ" አሉ። "ሰው ፊት።"

"አውቃለሁ። በሩ ጀርባ ነበርኩ።"

"ሰምተሽ ዝም አልሽ?"

"ደስ አለኛ አባዬ! እሺ ስትል ደስ አለኝ። በጣም ስለወደድኩት ነው ዝም ያልኩት። አሁን የምናገረውም በጣም ስለወደድኩት ነው። ልትቆጣ ከሆነ እኔን ተቆጣ።"

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። መሬት መሬት እያዩ "አኮርዲዮኔን ስሰብር ማንም አላስገደደኝም" አሉ። "አንድም ቀን አልቆጨኝም እያልኩ ነው የኖርኩት።" ሃሴት ይሄን ታሪክ ከልጅነቷ ጀምራ ሰምታዋለች። እንዲህ ሲሉት ግን ሰምታ አታውቅም። አቶ ደምሴ ተነሡ፣ ሱሪያቸውን አራገፉ። "ያ ጊታር የት ነው ያለው?"

"ቱላ። አናጢ ቤት።"

"መኪና ውስጥ ግቢ።"

ወደ ቱላ መንገድ ገቡ። ፒክ አፑ በዘለለ ቁጥር ከኋላ ለደንበኛ የተጫነ ትልቅ መዶሻ ይንኳኳል። ሃሴት መዶሻውን በመስታወት ታያለች፣ የአባቷን ፊት ታያለች፣ መልሳ መዶሻውን ታያለች። ለሮቢ ልትደውል ስልኳን አወጣችና መልሳ ከተተችው። መደበቁ ሰልችቷት ነበር።

*

ሮቢ እንጨት ፍቅፋቂ ላይ ተንበርክኮ የመጀመሪያውን ክር ሲያስር በሩ ጨለመ። ቀና ሲል አቶ ደምሴ። ጊታሩን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ በፍጥነት ተነሣና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

"ጋሼ፣ ነገ ልመጣ ነበር። ጊታሩን እኔ አልሰበርኩትም። በአደጋ ነው። እንደዚያ መስሎዎት እያለ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የኔ..."

"ነግራኛለች" አሉ አቶ ደምሴ።

ሮቢ ከአባቷ ትከሻ በላይ ሃሴትን አያት። "አንቺ?" አላት በዓይኑ። "እኔ" አለችው በዓይኗ። አናጢው እንኳ ነገሩ ገባውና መጋዙን አስቀመጠ። ፍቅር ሐይቅ ዳር ያልተባባሉት ይቅርታ ሁሉ በዚያ አተያይ አለቀ።

አቶ ደምሴ ወደ ጠረጴዛው ተጠጉ።  ጊታሩን በአንድ እጃቸው አነሡት፣ ገለበጡት፣ ቀዩ ቀለም ሥር የቀረውን የስብራት መስመር በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

"ጠባሳው ይታያል።"

"ይታያል ጋሼ። ቀለም ልቀባው ፈልጌ ነበር፤ ተውኩት።"

"ይዟል?"

"ገና አላወቅኩም። ክሩ ሲወጠር ነው የሚታወቀው።"

"ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?" አሉና ጊታሩን እጁ ላይ አስቀመጡለት።

ሮቢ ክሮቹን አንድ በአንድ አሰራቸው። ከዚያ መወጠር ጀመረ። ቀጫጭኖቹ ሲወጠሩ ምንም አልሆነም። ወፍራሞቹ ላይ ሲደርስ እጁ ዘገየ። አንዴ ያዞራል፣ ያዳምጣል፣ አንዴ ያዞራል። አንዴ እንጨቱ "ቂው" አለ። አናጢው ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ፤ ሃሴት ሳታስበው የአባቷን ኮት እጅጌ ጨመደደች። ሮቢ ላቡ ግንባሩ ላይ ወረደ፤ አልጠረገውም። አንድ ጊዜ ደግሞ አዞረ። የመጨረሻው ክር ልኩ ላይ ደረሰ። እጁን አነሣ።

ያዘ።

"ያዘ!" ብላ ጮኸች ሃሴት። አናጢው አጨበጨበ። ሮቢ የጊታሩን ገመድ ከቤት ባመጣት ትንሽ የድምፅ ማጉያ ውስጥ ሰክቶ ከፈታት፤ አንዴ ተንኮሻኮሸችና ጸጥ አለች። ከዚያ ተጫወተ። መዝሙር አልነበረም፤ ሊያስደስታቸው ብሎ መዝሙር አላደረገውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሃሴት ከጀርባ ጠረጴዛ ተደብቃ ስታዳምጠው የኖረችው የራሱ ዜማ ነበር። አዲሱ ጊታር ላይ ያልሰማችው ወፈር ያለ፣ ሞቅ ያለ ድምፅ አናጢ ቤቱን ሞላው። የአባቷ ጣቶች የኮታቸው ጠርዝ ላይ ሲንቀሳቀሱ አየች፤ አይታ እንዳላየች ሆነች።

ዜማው አለቀ። አቶ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ቅዳሜ ሆቴል ነው የምትጫወተው?"

"አዎ ጋሼ።"

"ከሠርግ በኋላስ ቢሆን?"

"እጫወታለሁ። እንጀራዬ ነው፤ እወደዋለሁም።"

"እሑድስ?"

"ከፈቀዱልኝ ከሃሴት ጎን እቀመጣለሁ። ካልፈቀዱልኝ በር ላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ።"

አቶ ደምሴ ስልካቸውን አወጡ። ሲደውሉ ማንንም አላዩም። "ጋሽ ኑሪ? ደምሴ ነኝ። ባለፈው እሑድ የሰጠሁትን መልሼ ወስጃለሁ።"

 ሮቢ ጊታሩን እንደያዘ አንድ እርምጃ ወደ ሃሴት መጣና ቆመ።

"አዎ፣ ወስጃለሁ። ጊታር ለሰበረ ልጅ ነበር የሰጠሁት፤ እንዲህ የሚባል ልጅ የለም።" አቶ ደምሴ ከወዲያ በኩል የሚንተባተቡትን ጋሽ ኑሪን ትንሽ አዳመጡ። "ይተዉት፣ አልተቀየምኩም። አሁን የሰበረውን የሚጠግን አንድ ልጅ ፊቴ ቆሟል። እሱን ደግሞ ማንም አልጠየቀኝም። ለሱ የሚጠይቁኝ ከሆነ ሽማግሌዎችዎን ይዘው እንደገና ይምጡ። ያለውን ብቻ ይንገሩኝ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ።"

ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ። እሺ አላሉም። የሚሉትን ለእሑድ አስቀምጠውታል፤ ሃሴትም መልሱ ምን እንደሚሆን አታውቅም። ያም ሆኖ እየሳቀች ታለቅስ ነበር። አባቷ መሐላቸው ቆመዋል። ከዚህ በፊት እሳቸው ፊት ሁሌም ዓይኗን ትሰብር ነበር፤ ዛሬ ግን አባቷ እያዩዋት፣ ሳታፍር፣ ሮቢን ፊት ለፊት እስክትጠግብ አየችው።